አጥሚት፣ ግሉኮስና የእኔ ዐይን

ሴት ስታርጥ ታርፋለች ይባላል። ውሸት ነው። ይህን የሚሉት ወይ ወንዶች ናቸው፣ ወይ ገና ያላረጡ ሴቶች። እኔ የወር አበባዬ መዛባት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስኪቆም ድረስ፣ ከቆመም በኋላ፣ እፎይ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

ወፍራም ሴት ደልቷታል ይባላል። ይኸኛውም ውሸት ነው። እኔ ወፍራም ነኝ። ልጅ ሆኜም ድንቡሽ ያልኩ ነበርኩ፤ ከዚህ በታች የምተርከው ሁሉ ካለፈ በኋላም ወፍራም ነኝ። ሰፈሬ ኮልፌ ነው። እዚያ ሰው ሲያመሰግነኝ "ምን ጎደለሽ፣ ፊትሽ እንደሆነ ሙሉ ጨረቃ ነው" ይለኛል። ሲያማኝም በዚያው ፊቴ ነው፤ "አገር እየተራበ እሷ ከየት አምጥታ ነው?" ይላል። ከአመስጋኞቼም ሆነ ከሐሜተኞቼ መካከል "እስቲ ሐኪም ይይሽ" ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።

በእነዚህ በሁለቱ ውሸቶች መካከል ዐይኔን ላጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ዐይኔ ደግሞ እንጀራዬ ነው። በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ጽሑፉ ማሽን ከመግባቱ በፊት እያነበብኩ ስሕተቱን እለቅማለሁ። በመንግሥት ወረቀት ላይ የምታልፍ ስሕተት ደመወዝ ከማስቆረጥ አልፋ "ማን አዝዞሽ ነው?" ታስብላለች። ሩቁን ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙም አይቼው አላውቅም፤ ቅርቡን ግን ማንም አይቀድመኝም ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፤ ዛሬም እኮራለሁ።

ነገሩ የጀመረው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ ስለ ኢኮኖሚ አሻጥር እየተናገረ ነበር። እህል የሚደብቁ፣ ጨው የሚያከማቹ፣ በሕዝብ ላብ የሚወፍሩ እያለ ሲዘረዝር፣ ከደረቴ አንድ እሳት ተነሣ። በአንገቴ ወጥቶ ፊቴን አቀላው፤ ጆሮዬ ጋለ፤ ላቡ በጀርባዬ ወረደ። ነጠላዬን አውልቄ አራገብኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ባለቤቴ ጌታቸው አጠገቤ ተቀምጧል። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣

"አንቺ፣ ምን ደብቀሻል?" አለኝ።

"ምንም።"

"ታዲያ ምን እንዲህ ያልብሻል?"

"እኔስ በምን አውቄ።"

"እንግዲያው ቢያንስ ነጠላሽን ልበሺ፤ ሰው ሁሉ ሊመረምረን ነው።"

እሳቱ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ጠፋ። በኋላ ግን ልማድ አደረገው፤ ሥራ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ ይመጣል። ዛሬ ስሙን አውቃለሁ። ሴት ስታርጥ ሰውነቷ ሙቀቱን የሚቆጣጠርበት ነገር ለጊዜው ይዛባል፤ እንደ እኔ ያለችውን በብርድ ቀን ያጋያታል። ያኔ ግን ስም ያወጡለት እትዬ አየለች ናቸው።

እትዬ አየለች የጌታቸው ታላቅ እህት ናቸው። ግቢያችን ውስጥ ባለችው አንዲት ክፍል ይኖራሉ፤ የቀሚስና የነጠላ ጥልፍ እየጠለፉ ይሸጣሉ። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ዐይናቸው ግን ስለ ደከመ መርፌያቸው ላይ ክር የማስገባው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት በየቀለሙ አዘጋጅቼ ትራሳቸው ላይ ሰክቼላቸው እወጣለሁ። በዚህ ምክንያት ሌላው ጉድለቴ ሁሉ ይቅር ይባልልኝ ነበር።

"ምች ነው" አሉ ግንባሬን ዳስሰው።

"ጣሪያ ሥር ተቀምጬ ምን ፀሐይ አገኘኝ እትዬ?"

"ምች ፀሐይ ብቻ ነው ያለሽ ማነው? መጽሐፍሽ ነው?"

ዳማከሴ ታሽቶ ተሰጠኝ። ጠጣሁ፤ ታጠንኩ፤ እንደገና አላበኝ። ምች የመታው ሰው ደግሞ ዳማከሴ ጠጥቶ ብቻ አይተውም፤ መጠገን አለበት። ስለዚህ ጥገናው ተጀመረ። ጠዋት የአጃ አጥሚት በቅቤና በማር፤ ከሥራ ስመለስ ገንፎ፤ ማታ፣ "ባዶ ሆድ እንዳታድሪ"፣ ሌላ አጥሚት። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ነው፤ ለልጅ ሻይ እንኳ አይበቃም። ጎረቤቶቼ ግን ከድርሻቸው እየቆነጠሩ "ለዘነበች አጥሚት" ብለው ይልኩ ነበር። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። እንዲህ ያለ ፍቅር በየትም አገር አይገኝም። ገዳይ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

"በቃኝ" ብልስ? ብያለሁ። መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

"በሞቴ!"

በዚህ ቃል ፊት የሚቆም ሰው የለም። "በሞቴ" ያሉሽን ሰው እምቢ ማለት ሙት እንደ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ፣ በስንቱ ነገር ከሰው ተቃራኒ በመሆን የታወቅሁት፣ ጋዜጣውንም መጽሐፉንም ስከራከር የምውለው ሴት፣ በጉርሻ ፊት አፌን ከፍቼ እጠብቅ ነበር።

ወራት ሲያልፉ ሰውነቴ መልኩን ለወጠ። ዳሌዬ ላይ የነበረው ሥጋ፣ ያለ ፈቃዱ ክፍለ ሀገር እንደሚዛወር የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ሆዴ ላይ ሰፈረ። እግሬ ቀጠነ፣ ሆዴ ገፋ። የወር አበባዬ ከቆመ ቆይቷል፤ ሰፈሩ ሁለቱን ደምሮ አረገዘች አለ። በዚያ ዕድሜ! አንዷማ መጥታ ሆዴን እየደባበሰች "ማርያም ትቅረብሽ" ብላኝ ሄደች። ውይይት ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እናት ሰፋ ይላሉ" ይላል፤ ውይይት ውስጥ ደግሞ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ነው የሚቀመጠው፤ ፊትን የሚያዞሩበት ቦታ የለም።

ከዚያ ጥሙ መጣ። በጣሳ ውሃ ጠጥቼ ሳልጨርስ ሌላ ጣሳ ያምረኛል። ሽንት ቤት መመላለስ ሥራ ሆነብኝ። እዚህ ላይ ስኳር በሽታን የጠረጠረ ሰው መኖሩን በሐቅ መመስከር አለብኝ፤ እትዬ አየለች ናቸው።

"ስኳር እንዳይሆን" አሉ አንድ ጠዋት። "ጉንዳን ይየው።"

የሰፈራችን ላቦራቶሪ ጉንዳን ነው። የስኳር በሽተኛ ሽንት ጣፋጭ ስለሆነ ጉንዳን ይሰበሰብበታል ይባላል። በፖፖ ሸናሁ፤ ፖፖው ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ። እትዬ አየለች በርጩማ ይዘው አጠገቡ ጥልፋቸውን እየጠለፉ ዋሉ። አንድም ጉንዳን አልመጣ። ክረምት ነበር፤ ብርዱ ጉንዳኑን ከጉድጓዱ አላስወጣውም ይሆናል፤ ወይም የኮልፌ ጉንዳን ቀበሌ ሳያስፈቅድ አይሰበሰብም።

"ነጻ ነሽ" አሉኝ። የዚያን ቀን ማታ አጥሚቱ ላይ ማር ጨመሩ።

ዐይኔ ነገሩን የነገረኝ ከዚህ በኋላ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ፊደሎቹ ውሃ ውስጥ እንደ ገቡ ዋለሉ። ጨርቅ አምጥቼ ወረቀቱን ጠረግሁ፤ ቀጥሎ ዐይኔን ጠረግሁ። ዕድሜ ነው ብዬ ፒያሳ ሄጄ መነጽር አሠራሁ። ለጥቂት ሳምንት ጠቀመኝ፤ ከዚያ እሱም ከዳኝ። የማተሚያ ቤቱ ፎርማን ጋሽ ከበደ አንድ ቀን የታተመ ወረቀት ይዞ መጣ። ሦስት ስሕተት አልፎኛል። በዚያ ጠረጴዛ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሦስት አልፎኝ አያውቅም።

"ዘኔ፣ ይቺን እኔ ነኝ ያየኋት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሌላ ሰው ቀድሞኝ ቢሆንስ?"

"ይገባኛል ጋሼ።"

"ለጊዜው መጠረዣ ክፍል ግቢ። ወረቀት ማጠፍ ዐይን አይፈልግም።"

ክፉ ሰው አልነበረም። የዚያን ቀን ግን ውይይት ውስጥ ተቀምጬ ወደ ቤት ስመለስ፣ በሽተኛ ከመሆን ይልቅ እንደ ተሻረ ሰው መሆኔ ከበደኝ። መታወሬ ነው ብዬ ደመደምኩ። የሚነበብልኝ እንጂ የማነብ ሴት አልሆንም ማለት ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ በማግስቱ ጠዋት ለእትዬ አየለች ክር ላስገባ ብዬ ሦስቴ ስቼ፣ በአራተኛው ጣቴን ወጋሁ። መርፌውን ከእጄ ወሰዱት። የጎረቤት ልጅ ጠርተው አስገቡ።

ሰው ሁሉ ደክሟታል አለ። ለድካም መፍትሔው ደግሞ አንድ ነው፤ ግሉኮስ። የዚህ ከተማ ሰው ሲደክመው ግሉኮስ ካልተሰካለት የታከመ አይመስለውም። ስለ በሽተኛዋ "ግሉኮስ ተሰክቶላት ነው" ከተባለ ማዕረግ ነው። ጌታቸው ከገበያው ጀርባ መርፌ የሚወጋ አንድ ድሬሰር ዘንድ ወሰደኝ። ድሬሰሩ የታችኛውን የዐይኔን ቆብ ገልብጦ አየና "ደም ማነስ" አለ። ሽንት አላየም፣ ደም አልቀዳም። ጠርሙሱ ግድግዳው ላይ ከምስማር ተሰቀለ። ለክፋት አይደለም፤ የደከመ ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ነው የሰጠኝ። እትዬ አየለች አጠገቤ ተቀምጠው ጠብታውን እያዩ፣

"ይኸው ፊትሽ በራ" አሉኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ የራሽን ቀን ነበር። በቀበሌው ሱቅ ለስኳር ተሰልፌ ሳለሁ መሬቱ ወደ እኔ መጣ። ወደቅሁ። ስነቃ አፌ ውስጥ ጣፋጭ ነገር አለ፤ ከፊቴ የነበረችው ሴት ከገዛ ድርሻዋ ቆንጥራ አጉርሳኝ ነው። ስኳር በራሽን በሚታደልበት አገር፣ በስኳር ሰልፍ ላይ፣ በስኳር በሽታ ወድቄ ስኳር ጎረስኩ። ልብ ወለድ ውስጥ ባነበው "አጋነንሽው" ብዬ ደራሲዋን እተች ነበር።

ጌታቸው ሆስፒታል ወሰደኝ። ካርድ ለማውጣት ሰልፍ፣ ካርዱን ይዞ ሌላ ሰልፍ፣ ከዚያ እንጨት አግዳሚ ላይ መጠበቅ። ጭንቅላቴን መሸከም አቅቶኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ምንም ሳትጠይቀኝ "እዚህ አስደግፊው" ብላ ትከሻዋን ሰጠችኝ። ተራዋ ደርሶ ሲጠሯት "ይቺ ትቅደም" አለቻቸው። ስሟን አልጠየቅኋት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ንግግሯ ፈጣን፣ ፈገግታዋ ቁጥብ ነው። ሽንቴን ሰጥቼ ጠበቅሁ። ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ጨምረው ሲያሞቁት፣ ስኳር የሌለበት ሽንት ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። የእኔ የሸክላ ጡብ መሰለ። ብልቃጧን አምጥታ አሳየችኝ።

"ለመሆኑ ምን ሲመገቡ ነበር?"

"አጥሚት።"

"ሌላስ?"

"ገንፎ። ማር።"

"ሌላስ?"

"ግሉኮስ።"

ብዕሯን አስቀመጠች።

"ግሉኮስ ስኳር መሆኑን ያውቃሉ?"

ማወቁንስ አውቃለሁ። ስንት መጽሐፍ አገላብጫለሁ። ግን ያነበብኩት ግሉኮስና ከምስማር የተሰቀለልኝ ግሉኮስ አንድ ናቸው ብዬ አላሰብኩም።

አስተኙኝ። እንደገና ጠርሙስ ተሰቀለልኝ፤ "ይኸኛው ጨው ነው፣ አይፍሩ" አለችኝ። ኢንሱሊን ተወጋሁ። ጥሙ ሲበርድልኝና ልብ ስገዛ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። ሆርሞን ማለት አንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው በደም የሚልከው መልእክት ነው። የሴት እንቁላል የሚመረትበት ክፍል ሥራውን ሲያቆም፣ የሚልከውም መልእክት ያንሳል። ያኔ ሰውነት ስቡን ከዳሌ ይልቅ ሆድ ላይ ያከማቻል። የሆድ ስብ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ስኳርን ከደም አውጥቶ ለሰውነት ያቀብላል፤ ሆድ ላይ ስብ ሲበዛ ሰውነት ኢንሱሊንን መስማት ያቆማል። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ሰውነት በጥጋብ መካከል ይራባል። ድካሜ ይኸው ነበር።

"ማረጥ በሽታ አይደለም" አለችኝ። "ውፍረትም ኃጢአት አይደለም። ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ መመርመር ያስፈልጋል።"

"ዐይኔስ?"

ወደ ዐይኔ ጎንበስ ብላ አየች።

"ስኳር ሲበዛ የዐይን ሌንስ ያብጣል፤ የእርስዎ ያ ብቻ ከሆነ ሲወርድ ይመለሳል። ካልወረደ ግን ወደ ውስጠኛው ይዘልቃል። የዚያኛውን መመለስ አልችልም።"

"እንዲወርድ ምን ላድርግ?"

"ኪኒኑን ይውሰዱ። ይራመዱ። የሚበሉትን ይቀንሱ።" ከአልጋው ጠርዝ እየተነሣች ጨመረች። "ኪኒኑን ሁሉም ይውጣል፣ ይራመዳልም። የሚያቅተው ሦስተኛው ነው። በዚህ አገር ሲያጎርሱት እምቢ የሚል አላየሁም።"

ይህን ስትለኝ ውስጤ አንድ ነገር ተነሣ። እሳቱ አልነበረም፤ እልህ ነው።

መራመዱን ጀመርኩ። በእኛ ሰፈር አንዲት ሴት ያለ ጉዳይ መንገድ ለመንገድ አትሄድም፤ እኔ ከሥራ መልስ ከቤቴ እስከ ፌርማታው፣ ከፌርማታው እስከ ቤቴ መመላለስ ያዝኩ። አንድ የአብዮት ጥበቃ አስቆመኝ።

"እናት፣ ወዴት ነው?"

"የትም።"

"የትም የሚባል ቀበሌ የለንም።"

"እስከ ፌርማታው ደርሼ እመለሳለሁ።"

"ማንን ሊያገኙ?"

"ማንንም። ሆዴን ለመቀነስ ነው።"

ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እውነትም የሚቀነስ አለ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለፍኩ ቁጥር "ዛሬስ ቀነሰ?" ይለኛል። አንድ ቀን ዝናብ ፈርቼ ቀርቼ በማግስቱ ሳልፍ "ትናንት የት ነበሩ?" አለኝ። መንግሥት በእኔ ጤና ላይ ያደረገው ክትትል ይህ ብቻ ነው፤ ጥሩ ክትትል ነበር።

ስኳር ተውኩ። የራሽን ድርሻዬን "ውሰዱት" ስል፣ ያን ያህል ወዳጅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እንጀራ ግማሽ፣ ሽሮ ዘይቱ የተቀነሰ፣ ጎመን እንደ ልብ። ጌታቸው ሁለት ሳምንት በዝምታ አብሮኝ ጎመን በላና "ለመሆኑ የታመምነው ሁለታችንም ነን?" አለኝ። አንድ ጭልፋ ጨመርኩለት። እሱም መብላቱን አልተወም።

እትዬ አየለች ግን አጥሚቱን አልተዉም። ለእሳቸው በሽተኛን ምግብ መከልከል በቁሙ መቅበር ነው። እኔ አልጠጣውም፤ ሲያዩት ሲኒው ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቶ ያገኙታል። መክሳት ስጀምር ጭንቀታቸው ባሰ። ሰፈሩም "ምነው ከሳሽ? ከባልሽ ተጣላሽ እንዴ?" ይለኝ ነበር።

የማርያም ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበር። ጎረቤቶች፣ የንስሐ አባታችን፣ ጌታቸው፣ ሁላችንም ተሰብስበናል። ዶሮው ወጣ። እትዬ አየለች በእጃቸው ልክ ጠቀለሉና፣ ቅቤው በጣቶቻቸው መካከል እየወረደ፣ በሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ መጡ።

"ዘነበች፣ አፍሽን ክፈቺ።"

"እትዬ፣ ሐኪሟ የነገረችኝን ነግሬዎታለሁ።"

"ሐኪሟ ማርያምን አታውቅም። እንዴት መንምነሽ እንደሆነ እኮ አታዪም። በሞቴ!"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጠላ ቀጂዋ እንኳ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆመች።

"እትዬ አየለች፣" አልኩ፣ "እምቢ ብልዎት እርስዎ አይሞቱም። እሺ ብልዎት ግን እኔ እታወራለሁ። አልበላም።"

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። አንዲት ሴት "ኧረ በስማም" አለች። የንስሐ አባታችን ሁለታችንንም አዩንና፣

"አየለች፣ ወዲህ አምጪው፤ ሞትሽን እኔ ልጉረሰው" ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ሰው ሳቀ። እትዬ አየለች ግን አልሳቁም። ጉርሻውን ለአባ ሰጥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላነጋገሩኝም። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ አለመነጋገር ቀላል ነገር አይደለም። ጌታቸው በመካከል ተጨነቀ። "አንድ ጉርሻ ነበር እኮ" አለኝ። "አንድ ቢሆን ኖሮ በበላሁት ነበር" አልኩት።

በዚህ መካከል አንድ ጠዋት መነጽሬን ሳደርግ ዓለም ባሰብኝ። ከበፊቱ ይልቅ ደበዘዘ። ጠረግሁት፤ ያው ነው። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ጎመኑም፣ መንገዱም፣ ኩርፊያውም ለከንቱ ነበር አልኩ። መነጽሩን አውልቄ አልጋው ላይ ወረወርኩና ወደ ግቢው ወጣሁ።

እትዬ አየለች በራቸው ላይ ተቀምጠው ከመርፌ ጋር ይታገላሉ። የጎረቤት ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ክሩን በምራቃቸው ያሾሉታል፣ ያልፋቸዋል፤ ያሾሉታል፣ ያልፋቸዋል። ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ፊታቸውን አዞሩ። መርፌውን ከእጃቸው ወሰድኩ፤ ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። የመርፌው ዐይን፣ ያ ቀጭን ቀዳዳ፣ ጥርት ብሎ ታየኝ። ክሩን አንዴ ላክሁት። ገባ።

መርፌውን ተቀብለው አዩት። ፊቴን አዩ።

"መነጽርሽስ?"

"አላሳይ አለኝና አወለቅሁት።"

ከዚያ ክሩን መዝዘው አወጡና መርፌውን መለሱልኝ።

"ድገሚው።"

ደገምኩት። ገባ። ሦስተኛ መዘዙት፤ ሦስተኛም ገባ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ መነጽሩ ያበጠውን ዐይኔን ተለክቶ የተሠራ ነው። እብጠቱ ሲወርድ መነጽሩ የሌላ ሰው ሆነ።

እትዬ አየለች መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። ጨርቁን ጭናቸው ላይ አጥፈው፣

"እንግዲያስ ያ ሁሉ ማር…" አሉ።

"እርስዎ ብቻ አይደሉም እትዬ። ድሬሰሩም አለበት።"

"እሱ ልክፍት!" አሉ። ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

ወደ ማረሚያው ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ጋሽ ከበደ አምኖ ከመቀበሉ በፊት አንድ ገጽ ሰጥቶ ቆመብኝ። አረምኩለት። እኔ በሌለሁበት ሌላ አራሚ ያሳለፈው ገጽ ስለነበር ብዙ አልደከምኩም። "መጠረዣ ክፍል ያዝናል" ብሎኝ ሄደ።

ቀጭን አልሆንኩም። ቀሚሶቼን አንድ ጊዜ አስጠበብኩ፤ ሁለተኛ አላስጠበብኩም። ሐኪሟም ሆዴ በዚያ ልክ መጉደሉ በቂ ሥራ ሠርቷል ብላኛለች፤ ሽንቴ አሁን ሰማያዊ ነው። ኪኒኑን እወስዳለሁ፤ እራመዳለሁ። እሳቱ ዛሬም አንዳንዴ ይመጣብኛል። በቅርቡ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ስለ አሻጥር ሲናገር መጣብኝ፤ ነጠላዬን አውልቄ እያራገብኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ "ማረጥ ነው፣ አሻጥር አይደለም" አልኩ። ወንዶቹ አቀረቀሩ። ከኋላ የተቀመጡ ሦስት ሴቶች ቀስ ብለው ነጠላቸውን አወለቁ።

የምኮራበት ግን ይህም አይደለም፤ ሌላ ነው። ባለፈው ማኅበር ላይ አንዲት ወፈር ያለች ጎረቤታችን በላብ ተጠምቃ ውሃ በላይ በላዩ ትጠጣ ነበር። ከተቀመጡት አንዷ "ምች ነው፣ አጥሚት ይሠራላት" ስትል፣ እትዬ አየለች ከወዲያኛው ጥግ ተነሡ።

"አጥሚት የሚባል እንዳልሰማ። መጀመሪያ ሽንቷ ይታይ።"

"በጉንዳን?" አለ ጌታቸው።

"በሐኪም፣ አንተ ደንቆሮ።" ከዚያ ሳህኑን ሴትዮዋ ፊት አስቀመጡ። "ያሰኘሽን ያህል ብዪ" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። "በሞቴ" ሳይሉ ምግብ ሲያቀርቡ ሳይ የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ሴትዮዋ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ አልሄደችም። በሳምንቱም አልሄደችም። "ደኅና ነኝ፣ ዕድሜ ነው" ትለኛለች። አንቺም ይህን እያነበብሽ እንደዚያው እያልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆድሽ ገፍቷል፤ የወር አበባሽ ቆሟል ወይም እየተቆራረጠ ነው፤ ይጠማሻል፤ ይደክምሻል፤ ፊደሉም ትንሽ ትንሽ እየዋለለብሽ ነው። ነገ ጠዋት ሄደሽ ሽንትሽንና ደምሽን አስመርምሪ። ምንም ካልተገኘብሽ ኮልፌ ድረስ መጥተሽ ስደቢኝ። አሁን ግን ሂጂ።